ያለ ወራቱ የሚፈለግ በርኖስ
(ስለ መንዝ የበግ ጠጕር ልብስ ታሪክ)

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን ለአራት ከፍለው መፀው፥ ሐጋይ፥ ጸደይ፥ ክረምት ብለው ሰይመውታል። የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋ ሰው ይህን አቈጣጠር ከካህናቱ ተምሮ ያውቀዋል፤ ጀርባው የሚያውቀው ግን ሁለቱን ብርድ ነው። ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ጭጋጉንና ዝናሙን ይዞ የሚመጣው እርጥቡ ብርድ ነው። መፀው ሰማዩን ጠርጎ ካጠራው በኋላ በጥቅምትና በኅዳር፥ በታኅሣሥም ሌሊት ሌሊት ውርጩን እየጣለ የገብሱን ማሳ የሚያነጣው ደግሞ ደረቁ ብርድ ነው። ለሁለቱም የሚበጀው ልብስ አንድ ነበረ፤ እርሱም ከበግ ጠጕር ተፈትሎ፥ ተሸምኖና ተረግጦ የሚሰፋው በርኖስ ነው። ነገር ግን የበርኖሱ ጨርቅ የሚሠራበት ወራትና በርኖሱ የሚያስፈልግበት ወራት ተገናኝተው አያውቁም። በሐምሌ ጭጋግ ውስጥ ሆኖ ለበርኖስ የሚሆን ጨርቅ ልግዛ ብሎ የተነሣ ሰው ገበያውን ባዶ ሆኖ ያገኘው ነበር። ከተሜ ይህን ሲሰማ የነጋዴው ስስት ወይም የሸማኔው ስንፍና ይመስለዋል፤ ነገሩን ከሥሩ የመረመረው ግን ሌላ ነገር ያያል።

መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈል አገር ነው። በሰሜን በኩል ግሼ ይዋሰነዋል፤ ወንጭትና ጀማ ከቈረጡት ገደል ማዶ ደግሞ መርሐ ቤቴ ይታያል። የመንዝ ጓሳ የሚባለው ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ድረስ ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ ጤፍ አይበቅልም፤ ጥጥማ ከቶ አይታሰብም። የሚበቅለው ገብስና ሣር ነው፤ ገብሱን ሰው ይበላዋል፥ ሣሩን በግ ይበላዋል፥ ከበጉም ልብስ ይወጣል። ቈለኛው ጥጥ ለብሶ ሲኖር ደገኛው ጠጕር ለብሶ የኖረው ስለዚህ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ከመንዝ ተነሥተው የሸዋን መንግሥት ያቆሙት ነጋሢ ክርስቶስ ወረደ ቃል የወጡት ከዚሁ ጠጕር ለባሽ ሕዝብ መካከል ነው። ታሪክ ጸሓፊዎች ስለዚህ ሕዝብ ጦርና ስለ ርስቱ ብዙ ጽፈዋል፤ ምን ለብሶ ያን ብርድ እንደ ቻለው ግን የጠየቁ ጥቂቶች ናቸው።

የመንዝ በግ በአካሉ ትንሽ፥ ጅራቱ ሰፋ ብሎ ስብ የቋጠረ ነው። ለአቅመ በግ የደረሰው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ቢመዝን ነው። ጠጕሩ ሻካራና ለስላሳ የተቀላቀለበት ነው፤ ሻካራው ዝናሙን ያንሸራትታል፥ ለስላሳው ሙቀቱን ይይዛል። በአንድ ጊዜ ሽልት ከአንድ በግ የሚገኘው ጠጕር ብዙውን ጊዜ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ታጥቦ እድፉና ቅባቱ ሲወጣለት ደግሞ ከዚያ ያንሳል። እንግዲህ አንድ ሰው ከራስ ትከሻው እስከ ባቱ የሚሸፍነውን በርኖስ ለማሠራት የአንድ በግ ጠጕር አይበቃውም፤ የብዙ በግ ጠጕር መሰብሰብ አለበት። ያውም ዝም ብሎ ጠጕር አይደለም። በርኖስ ጥቁር ነው፤ ጥቁረቱም የተፈጥሮ እንጂ የቀለም አይደለም። ስለዚህ ነጩና ቀዩ ለሌላ ሥራ ተለይቶ ጥቁሩ ብቻ ይከማቻል። ጥቁርም ቢሆን ሁሉ አንድ አይደለም፤ ፀሓይ የመታው ወደ ቡናማ ያደላል፥ የግልገሉ ይጠቁራል። ከአንድ ሽልት ያልመጣ ጠጕር ተቀላቅሎ ሲፈተል ጨርቁ ላይ ዥንጕርጕሩ ይታያል፤ ያለ ወራቱ ጨርቅ የሚፈልገውንም ሰው ይህ ነገር እጅግ ያስቸግረው ነበር። ጥቂት ጥቂቱን ከየቤቱ ቢለቅም እንኳ የሚያገኘው አንድ ዓይነት ጥቁር አልነበረምና።

ሥራው ረጅም ነው። በጉ ይሸለታል፤ ጠጕሩ ይታጠባል፥ በፀሓይ ይሰጣል። ከደረቀም በኋላ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት ሲርገበገብ የተቋጠረው ጠጕር ይፈታል፥ አቧራውም ይረግፋል። ከዚህ በኋላ ወደ ሴቶቹ እጅ ይገባል። መፍተል የሴቶች ሥራ ነውና እንዝርቱን እያሾሩ ቀኑን በሌላ ሥራ መካከል፥ ማታውን በእሳት ዳር ይፈትሉታል። ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚወስድ ይኸው ነው፤ አንድ ሸማኔ በጥቂት ቀን የሚጨርሰውን ድርና ማግ ፈታይዋ በብዙ ሳምንት ታዘጋጀዋለች። የበርኖስ ታሪክ ሲነገር የለባሹ ስምና የሸማኔው ጥበብ ይነገራል፤ የፈታይዋ ስም ሲነሣ ግን አይሰማም። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ ፍጻሜ ስለ ባለሙያ ሴት የተጻፈውን ሲያኖር የበግ ጠጕር መፈለጓንና ቤተ ሰቧ በበረዶ ቀን የማይፈራ መሆኑን አብሮ ማኖሩ ነገሩ ገብቶት ነው።

ፈትሉ ሲያልቅ ወንዱ ይሸምነዋል። በእጅ የሚወረወር መወርወሪያ የሸማኔውን ክንድ ያህል ብቻ ስለሚሄድ ጨርቁ ጠባብ ሆኖ ይወጣል፤ ሰፊ ልብስ የሚሆነው ጠባቡ ከጠባቡ ጋር ተሰፍቶ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሚቀር ሥራ አለ። የበግ ጠጕር በሙቅ ውኃ ርሶ ሲረገጥና ሲታሽ ክሩ ከክሩ ጋር ይያያዛል፥ ጨርቁም ይሰበሰባል፥ ይጠቀጠቃልም። ይህ ሳይደረግበት የተሰፋ ልብስ የመጀመሪያው ዝናም ሲነካው ያጥራል፤ እጅጌው ወደ ክርን፥ ጫፉ ወደ ጕልበት ይሸሻል። ስለዚህ አዋቂ ሰፊ ያልተረገጠ ጨርቅ በመቀስ አይነካም። በጥድፊያ ወራት ሥራውን አሳጥሮ መስፋት እንደማይቻል ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወራቱን ከሥራው ጋር እናስተያየው። በክረምት በግ አይሸለትም፤ ቢሸለት ዝናሙና ብርዱ ይገድለዋል፥ በተለይም ግልገሉንና የወለደችውን። ተሸልቶ የቈየ ጠጕር ቢኖርም ታጥቦ የሚደርቅበት ፀሓይ የለም፤ ሳይደርቅ የተከመረ ጠጕር ይሸታል፥ ደጋንም አይቀበልም። ወንዱ ከእርሻው፥ ሴቲቱም ከአረሙ አትላቀቅም። ውርጩ በሚወርድበትም ወራት በግን ማራቆት እንደዚሁ ያስፈራል፤ ሰዉም አጨዳና ውቂያ ይዞታል። የጠጕሩ ሥራ የሚሰፋው ፀሓዩ ሲጠና፥ እጅም ሲፈታ በበጋው ነው። በበጋ ቀን ደግሞ በርኖስ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ለሚመጣው ሐምሌ በየካቲት ጠጕር የሚሰበስብ ሰው አስተዋይ ይባል ነበር፤ አብዛኛው ሰው ግን ብርዱ ሲመጣ ነው የሚያስታውሰው።

ከዚህ የሚከፋ ሌላም ነገር ነበረ። በደጋው ገብስ በውርጭ የተመታ እንደ ሆነ ባለ ቤቱ እህል የሚገዛበት ገንዘብ የሚያገኘው በጉን ሸጦ ነው፤ በግ ለመንዝ ሰው የቁም ገንዘቡ ነውና። እንግዲህ ውርጩ በበረታበት ዓመት በጉ ወደ ገበያ ይነዳል፥ ጠጕሩም በጀርባው ላይ እንዳለ አብሮት ይሄዳል። በርኖስ እጅግ የሚያስፈልግበት ዓመት፥ በርኖስ የሚሠራበት ጠጕር ከአገር የሚወጣበት ዓመት ሆነ ማለት ነው። የበጉ መሰማሪያም የራሱ ወራት ነበረው፤ የጓሳውን ሜዳ የአገሩ ባለ ርስቶች በደንብ ዘግተው ያቈዩትና በተወሰነ ጊዜ ይከፍቱት ነበር፤ ይህም ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ጸንቶ ኖሯል። በክፉ ቀን የተረፈ መንጋ ካለ በዚህ ሥርዓት የተረፈ ነው።

ያለ ወራቱ ልብስ የተቸገረው ሰው ምን ያደርግ ነበር? አንዱ መንገድ የበጉን ጠጕር ትቶ ቆዳውን መልበስ ነው። ደበሎ የሚባለው ጠጕሩ ሳይገፈፍ የተለፋ የበግ ቆዳ የእረኛና የተማሪ ልብስ ነበር። በየአድባራቱ ቅኔና ዜማ ሊማሩ የሚዞሩት ተማሪዎች ደበሎአቸውን በትከሻቸው ጥለው፥ አኩፋዳቸውን በጐናቸው አንጠልጥለው የሄዱበትን ዘመን የማያውቅ ካህን የለም። ደበሎ ሽመና አያሻውም፥ ፈታይ አይጠብቅም፤ ሲያዩት ከወራት ነፃ የሆነ ልብስ ይመስላል። ነገር ግን እርሱም የራሱ ወራት አለው፤ ይኸውም የጾሙ ወራት ነው። ቆዳ የሚገኘው በግ ሲታረድ ነው፤ በግ የሚታረደው በበዓል ነው። እርጥቡ ብርድ ከሚጸናበት ወራት መጀመሪያ ላይ ጾመ ሐዋርያት አለ፤ በመካከሉም ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ጾመ ፍልሰታ ይገባል። ደረቁ ብርድ በሚጸናበት ወራት ደግሞ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ድረስ ጾመ ነቢያት ነው። ስለዚህ በሁለቱም ብርድ ወራት፥ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ፥ በመንዝ መንደር በግ አይታረድም፥ ቆዳም በቀላሉ አይገኝም። የፋሲካውን ቆዳ አልፍቶ ያላስቀመጠ ተማሪ ፍልሰታን እየተንቀጠቀጠ ይጾማል። ከጠጕሩ ወራት ያመለጠውን ሰው የቆዳው ወራት ይይዘው ነበር ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ያለውን ማፍረስ ነው። ባናና ዝተት በመንዝ የታወቁ የጠጕር ልብሶች ናቸው፤ ባናው ለመኝታም ለመደረቢያም የሚሆን፥ ዝተቱ ወፍራምና ከባድ ነው። በችግር ቀን የመኝታውን ባና ቀዶ የቀን ልብስ ማሰፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ቀን የሞቀው ሰው ሌሊት ይበርደዋል፤ ባናም የአንድ ሰው ሳይሆን የቤተ ሰብ ነው፥ አባት ቢቀደው ልጆቹ ይበርዳቸዋል። ስለዚህ ይህ መንገድ የመጨረሻ መንገድ ነው። ከዚህ ይልቅ መዋስ ይቀላል። ለሙግት ወደ ዳኛ የሚሄድ፥ ለለቅሶ ሩቅ አገር የሚወጣ፥ ለሽምግልና የሚላክ ሰው የጐረቤቱን በርኖስ ለብሶ መሄዱ ነውር አልነበረም። የመንገዱ ርዝመትና የብርዱ ጽናት ያስገድደው ነበርና። ኦሪት ዘጸአት የድኻን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሓይ ሳይገባ እንዲመልስለት ያዝዛል፤ ይህን ትእዛዝ የደጋ ሰው ሲሰማው ትርጓሜ አያስፈልገውም።

በርኖስ የሚለው ስም ከዐረብ ቋንቋ የመጣ ነው፤ በሰሜን አፍሪቃም እስከ ሞሮኮ ድረስ ቆብ ያለውን የጠጕር ካባ በዚሁ ስም ይጠሩታል። የኢትዮጵያው ግን በአቈራረጡ የራሱ መልክ አለው፤ በቀኝ ትከሻው ላይ እንደ ጕጥ ሆና ብቅ ያለች ሹል አለችው። ይህች ሹል ቀድሞ ይለበስ ከነበረው ከበግ ቆዳው የቀረች ምልክት ናት የሚሉ አሉ፤ እውነት ከሆነ በርኖስ የደበሎ ልጅ መሆኑን በትከሻው ይዞ ይዞራል ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ይህን ቃል በታላቅ ስፍራ አኑረውታል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮም ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ በላከው በሁለተኛው መልእክት በጢሮአዳ ትቶት የመጣውን ልብስ ከመጻሕፍቱ ጋር እንዲያመጣለት ይለምነዋል፤ በዚያው ምዕራፍ ከክረምት በፊት እንዲደርስ ያሳስበዋል። ልብሱ በግሪክኛ ፌሎኔስ የተባለ፥ እጅጌ የሌለው የመንገድ ካባ ነው፤ ተርጓሚዎቹ ግን በርኖስ አሉት። ያማረ ትርጓሜ ነው። ሐዋርያው አዲስ ልብስ ግዛልኝ እንዳላለም ልብ ይሏል፤ ክረምት ከገባ በኋላ ሌላ ከመፈለግ ይልቅ ባሕር አቋርጦ የቀድሞውን ማስመጣት ቀሎት ነበር።

ሱፍ የሚለው ቃልም ከዚያው ከዐረብ የመጣ ነው። በአማርኛ ግን ሱፍ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው በጾም ቀን ተወቅጦ ፍትፍት የሚሆነው የቅባት እህል ነው። ስለዚህ የጥንቱ የመንዝ ሰው ጠጕሩን ጠጕር ብሎ ጠራው፤ ሱፍ የሚለውን ስም ከባሕር ማዶ ለመጣው ጨርቅ ተወለት። ይህ ልዩነት ከንቱ የቃል ልዩነት አይደለም፤ ጠጕር ወራት ያለው ነገር ነው፥ ሱፍ ግን ወራት የሌለው የሱቅ ዕቃ ሆኖ መጣ።

የሱፉ አመጣጥ በሸዋ ነገሥታት ዘመን ይጀምራል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በነገሡበት ጊዜ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው በዚያ ወገን ያለውን አገር ይገዙ ነበር። ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ የወንጌል መልእክተኛ በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ጐንደር ሲጓዝ በዚያው በኩል አልፎ መንዝን አቋርጧል። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1833 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ መንግሥት የላከው ሻለቃ ሐሪስ እጅ መንሻ ይዞ ወደ ንጉሡ ቀረበ። ካቀረበው ስጦታ መካከል ጠመንጃው ሁልጊዜ ይነገራል፤ ነገር ግን አዳራሹን የሞላ የብራስልስ ምንጣፍና የካሽሚር ሻልም ነበረበት። ምንጣፉ ከበግ ጠጕር፥ ሻሉም ከፍየል ለስላሳ ጠጕር የተሠራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ውስጥ፥ የጠጕር ሥራ በቆመበት ወራት፥ ከሩቅ አገር የመጣ የጠጕር ሥራ በንጉሥ ፊት ሲዘረጋ ማየት ለሸዋ መኳንንት አዲስ ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ ለንጉሥ ብቻ የሚደርስ ነገር ነው፤ በግመል ተጭኖ የአፋርን በረሓ አቋርጦ የሚመጣ ጨርቅ ለገበሬ ጀርባ አይደርስምና።

ነገሩን የለወጠው ባቡሩ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጀመረው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከባቡሩ ጋር የአውሮፓ ሱፍ፥ ካፖርትና የልብስ ስፌት መኪና በብዛት ገባ፤ የሕንድና የአርመን፥ የግሪክም ነጋዴዎችና ሰፊዎች በአዲስ አበባ ሱቅ ከፈቱ። ከዚህ በኋላ ገንዘብ ያለው የመንዝ ሰው በሐምሌም በታኅሣሥም አዲስ አበባ ወርዶ የሚሰፋ ሱፍ ያገኛል። ወራቱ በጨርቁ ላይ የነበረውን ሥልጣን አጣ፤ በገንዘቡ ላይ ግን አላጣም፤ ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው በመከር ነውና። የባሕር ማዶው ሱፍ ለስላሳና ልዝብ ነው፥ ለከተማ ብርድ ይበቃል። በጓሳ ዝናም ላይ ግን ከመንዙ ጥቁር ጨርቅ ጋር አይወዳደርም። የበግ ጠጕር እርጥበት ከክብደቱ ሲሶ ያህል ጠጥቶ ሳለ ለለባሹ ደረቅ መስሎ የሚሰማው ነው፤ መሳፍንት የጌዴዎንን ፀምር ሲጠሩ በሌሊት ጤዛ ጠጥቶ ሲጨመቅ አንድ ቆሬ ውኃ የወጣው መሆኑን የሚነግሩን ይህንኑ ባሕርይ ነው። ጠንክሮ የተረገጠ የመንዝ በርኖስ ውኃውን ከላይ ያቈየዋል፥ ለባሹም ሳይርስ ቤቱ ይደርሳል።

ይህ የታወቀው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ መንዝ፥ መርሐ ቤቴ፥ ተጕለትና ቡልጋ የአርበኞች ምሽግ ሆኑ፤ ራስ አበበ አረጋይም እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በዚህ አገር ተዋግተዋል። የጠላት መኪና በጭቃ የሚያዝበት ክረምት የአርበኛው የድፍረት ወራት ነበር። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማጥቃት የወጡትም በዝናም መካከል ነው። እንግዲህ አርበኛው ከቤቱ ርቆ በዋሻና በጫካ የሚያድረው ልብስ በማይሠራበት ወራት ነው። ከተማውና ሱቁ በጠላት እጅ ስለ ነበረ የባሕር ማዶ ሱፍ ለመግዛት ወደ ጠላት መሄድ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ዳግመኛ የአገር ጠጕር፥ ባና፥ ዝተትና ደበሎ የደጋው ሰው መጠጊያ ሆኑ። በዱር ያለውን የሚያለብስ በመንደር የቀረው ሰው ነው። የአርበኝነትን ታሪክ ስንጽፍ ጥይት የሰጠውን ስም እንደምንጽፍ ባና የሰጠውን ደግሞ መጻፍ ይገባ ነበር፤ በጓሳ ሌሊት ጥይት ብቻውን ሰው አያድንምና።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት የደጋውን ጠጕር በፋብሪካ ለማሠራት አሰበ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥታቸውን ባቆሙባት በደብረ ብርሃን ከተማ በ1957 ዓ.ም. የጠጕር ሥራ ፋብሪካ ተከፈተ፤ ብርድ ልብሱም በኢትዮጵያ ሁሉ ታወቀ። ፋብሪካ ግን ክረምትና በጋ አያውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ጠጕር ይጠይቃል፥ ጠጕሩም ብዙና ረጅም እንዲሆንለት ይፈልጋል። ከአንድ በግ አንድ ኪሎ የማይሞላ ጠጕር ለመኪና ሆድ ምን ይበቃል? ስለዚህ የበግ ማርቢያ በደብረ ብርሃንና በመንዝ በአመድ ጕያ ተቋቋመ፤ አዋሲ የሚባለውም ጠጕረ ብዙ የበግ ዘር ከእስራኤል አገር መጥቶ ከመንዙ በግ ጋር ተዳቀለ። አዋሲ ገላው ነጭ፥ ራሱ ቡናማ ነው። ነጭ ጠጕር የወደዱትን ቀለም ስለሚቀበል ለፋብሪካ ይመቻል፤ የመንዝ ሰፊ ግን ቀለም የማያስፈልገውን ጥቁር ይፈልጋል። ሁለቱ ፈላጊዎች በአንድ በግ ጀርባ ላይ ሳይስማሙ ቀሩ። ፋብሪካው ያሞቀው ሰው ብዙ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የሰጠው ብርድ ልብስ ነው፤ የበርኖስ ጨርቅ እንደ ቀድሞው በእንዝርትና በመወርወሪያ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ገበያው ሌላ መልክ ይዟል። ከባሕር ማዶ ተለብሶ የሚመጣው ሰልባጅ ካፖርት በየገበያው ተከምሮ ይሸጣል፤ ሐምሌም ይሁን ታኅሣሥ ሁልጊዜ ይገኛል፥ ዋጋውም ከበርኖስ ዋጋ ይቀላል። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው ቀላል ብርድ ልብስም የባናን ቦታ ብዙ ወስዷል። ወጣቱ ቀላሉን መምረጡ አያስነቅፈውም፤ የእናቱን የብዙ ሳምንት ፈትል ያውቀዋልና። ባና የሚፈትሉና የሚሸምኑ ሰዎች በመንዝ ዛሬም አሉ፤ ምንጣፍም ይሠራሉ። በርኖሱ ግን ከሽማግሌዎች ትከሻ ጋር እየቀነሰ ሄዶ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በበዓልና በለቅሶ ቀን ሆኗል።

በጉም ቢሆን ዛሬ የሚረባው ስለ ጠጕሩ ሳይሆን ስለ ሥጋው ነው። ለበዓል በግ የሚገዛው ነጋዴና የከተማ ሰው ከጥቁሩ ይልቅ ቀዩንና ነጩን ስለሚመርጥ የጥቁር በግ ዋጋ ዝቅ ይላል፤ አርቢውም ለዘር የሚያስቀረውን አውራ ሲመርጥ ይህን ያስባል። ቀድሞ ለበርኖስ ተብሎ በጥንቃቄ ይጠበቅ የነበረው ጥቁር አውራ አሁን አስቀድሞ ለቢላዋ የሚወጣው እርሱ ሆኗል። ስለዚህ ዛሬ በመንዝ እውነተኛ በርኖስ ላሠራ የሚል ሰው መጠየቅ ያለበት በምን ወር እንደሚሸለት ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ በበጋው ወጥቶ ጥቁር መንጋ ያለው ባለ በግ በየትኛው ቀበሌ እንደ ቀረ ያጠያይቃል፥ ከባለ በጉም ጋር ጠጕሩን ለሌላ እንዳይሰጥበት ይዋዋላል፥ ከዚያም የምትፈትልለትን ሴት ይፈልጋል።